ጋሽ ሄራሞ ኮንዶሚኒየም ሲገባ

የክፍለ ሀገር ሰው ለገና አዲስ አበባ ሲገባ ይደነብራል ይባላል። ውሸት ነው። የሚደነብረው አዲስ አበባ ነው።

ዘንድሮ ከጎረቤቴ ከጋሽ ሄራሞ ጋር ከአገራችን ከዶዮገና ወደ አዲስ አበባ ሄድን። ሴት ልጁ ትዕግሥት እዚያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፤ ባሏ ደግሞ ለሥራ ሩቅ አገር ነው። ቆጮውንና ቅቤውን እንዳወረድን፣

"ጎረቤቶችሽ እነማን ናቸው?" አላት።

"አላውቃቸውም አባዬ። እዚህ ሰው አይተዋወቅም።"

ምን ያደረገ ይመስላችኋል? እኛ ዘንድ የበዓል እንግዳ ጎረቤቱን ሰላም ሳይል አይቀመጥም። ስለዚህ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ግራውንድ ያለውን በር ሁሉ እንደ ሕዝብ ቆጣሪ አንኳኳ። ትዕግሥት በኀፍረት ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። አንዲት ሴት በሯን ሳትከፍት፣

"ምንም አንገዛም!" አለች።

"እኔም አልሸጥም እህቴ። ልጄ ከላይሽ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ልትወልድ ነው። ሌሊት ምጥ ቢይዛት ትሰሚያታለሽ?"

ከዚያ በሩ ተከፈተ።

"መኪና አለኝ አባባ። በማንኛውም ሰዓት ትደውልልኝ።"

ማታ ቆጮ ሊበሉ የመጡት አምስት ጎረቤቶች በአንድ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረው፣ ስማቸውን የተጠያየቁት ገና ያኔ ነው። እኔ ስለ ከተሜ ብቸኝነት ስንት መጽሐፍ አንብቤ፣ ማንኳኳት መድኃኒት መሆኑን የተማርኩት ከዚህ ገበሬ ነው።

እናንተም የጎረቤታችሁን ስም የማታውቁ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሂዱ፤ አንኳኩ።