ማን ቀድሞ ይንበርከክ?

[በጃንሆይ ዘመን፣ በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ካለ የወይራ ዛፍ ሥር። የፋሲካ ሰሞን ነው። ከዛፉ ሥር ወንበር የሚያህል አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ አለ፤ የቀሩት ድንጋዮች መሬት የያዙ ናቸው። ይርጋ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሽማግሌ፣ እና ጣሰው፣ ነገር ቶሎ አይገባውም የሚባለው ጎረቤቱ፣ ከፍ ያለውን ድንጋይ ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል። ከተኳረፉ ወራት አልፏል። ዛሬ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ቀጥረዋቸዋል፤ ገና አልደረሱም።]

ይርጋ፦ [ለዛፉ] አንተ ወይራ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ። ድንጋዩን ቀድሜ የያዝሁት እኔ ነኝ።

ጣሰው፦ ወይራ አይናገርም፣ አያ ይርጋ።

ይርጋ፦ [ለዛፉ] ሳንታረቅ ቃል እንደማንለዋወጥም ንገርልኝ።

ጣሰው፦ እሺ፣ እነግረዋለሁ። ለማን ነው የምነግረው?

ይርጋ፦ ለአንተ!

ጣሰው፦ ለእኔማ አሁን ነገርኸኝ።

ይርጋ፦ [በበትሩ መሬት እየመታ] ይኸው አናገርኸኝ! ወራት ሙሉ የቆጠብሁትን ዝምታ በአንድ ጊዜ ጨረስህብኝ!

ጣሰው፦ ድንጋዩን ልቀቅልኝና እኔም ዝም እላለሁ። ከዝቅተኛው ድንጋይ መነሳት ይቸግረኛል። ጉልበቴን ታውቀዋለህ።

ይርጋ፦ እኔ የማውቀው ኩራትህን ነው። በጥር ሽማግሌ ሁሉ ተሰብስቦ ጎንበስ በል ሲልህ፣ እንደ ቤት ምሰሶ ተገትረህ ቀረህ!

ጣሰው፦ አልታጠፍ ብሎኝ ነው እንጂ! ልቤ ተንበርክኮ ነበር፤ ጉልበቴ ነው ያልሰማው።

ይርጋ፦ መምሬ ዳኛቸው ያሉትን መቼም ሰምተሃል። ዛሬም ቀድሞ የሚንበረከክ ከታጣ ሽምግልናው ፈረሰ። የልጆቻችንም ሠርግ ቀረ።

ጣሰው፦ ታዲያ ማን ይቅደም?

ይርጋ፦ ማን ይቅደም ትላለህ? ገብሴን የበላው የማን በሬ ነው?

ጣሰው፦ የእኔ። በገበያ መካከል ደደብ ያለኝስ የማን አፍ ነው?

ይርጋ፦ በሬህን ነው ደደብ ያልሁት!

ጣሰው፦ በሬው የዚያን ለት ገበያ አልወጣም።

[ሁለቱም ወደ መንገዱ ያያሉ።]

ጣሰው፦ አያ ይርጋ፣ የምሬን ነው። ልጄ ብርቄ ለሠርጓ የፈተለችውን ጥጥ ታቅፋ ስታለቅስ ሆዴ ባባ። የአንተ ልጅ አዱኛም ወደ እርሻ ሲሄድ በእኛ ደጅ ዞሮ ነው። እርሻችሁ ግን በወዲያ በኩል ነው።

ይርጋ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] የእኔውም እህል ጠልቷል። እናቱ ወለተ ማርያምም ዓይንህን አላይ ብላኛለች። [ወዲያው ቆጣ ብሎ] ቢሆንም አልቀድምም! ጉልበት አጥቼ እንዳይመስልህ! የእኔ ጉልበት ሐኪም ቤት ደርሶ የዳነ ጉልበት ነው።

ጣሰው፦ ኧረ? መቼ?

ይርጋ፦ አምና ነዋ። በጭነት መኪና፣ የጓያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ፈረንጆቹ ሆስፒታል ድረስ።

ጣሰው፦ መርፌ ወጉህ?

ይርጋ፦ መርፌ! አንተ ገና እዚያ ነህ? በድምፅ ነው ያዳኑኝ።

ጣሰው፦ ጮኹብህ?

ይርጋ፦ ማን ይጮህብኛል! የማይሰማ ድምፅ ነው።

ጣሰው፦ የማይሰማ ከሆነ መኖሩን ማን አወቀ?

ይርጋ፦ ፈረንጁ።

ጣሰው፦ እሱ ይሰማዋል?

ይርጋ፦ አይሰማውም። ግን ያውቀዋል።

ጣሰው፦ [በረጅሙ ተንፍሶ] አሁን ገባኝ። ባለቤቴ ተዋበችም ስትቆጣ እንዲሁ ናት። አንዲት ቃል አትተነፍስም፤ ዝምታዋ ግን አጥንቴ ድረስ ይዘልቃል።

ይርጋ፦ የሚስትህ ያሳምማል፤ ይሄኛው ያድናል!

ጣሰው፦ የተዋበችም አንዳንዴ ያድናል። ስንቴ ከጠላ ቤት መልሶኛል።

ይርጋ፦ ወይ ጉድ!

ጣሰው፦ ድምፅ የሚያድን ከሆነማ እኔ ሁልጊዜ ደወሉ ሥር ነው የምቆመው። ምነው አላዳነኝ?

ይርጋ፦ ደወል ይሰማላ! የሚያድነው የማይሰማው ነው አልሁህ።

ጣሰው፦ እሺ፣ ርቄ ስማዳ ሄጄ ብቆምስ? ከዚያ አይሰማኝም።

ይርጋ፦ [ራሱን ይዞ] አምላኬ፣ ከማን ጋር ነው ያጋባኸኝ! ስማ። ጉልበት ማለት ወፍጮ ነው። የላይኛው አጥንት መጁ ነው፣ የታችኛው ወፍጮው። በመካከላቸው ለስላሳ ነገር አለ። ሰው ሲያረጅ ያ ልስላሴ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ አጥንት ላጥንት መፋጨት ነው። ሐኪሙ በእጁ እያሳየ ነው የነገረኝ።

ጣሰው፦ ማን በላው?

ይርጋ፦ ዕድሜ!

ጣሰው፦ ታዲያ ዕድሜን ለምን አላኮረፍኸውም? የእኔ በሬ የማሳህን ጥግ ቢቀምስ ይኸው እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለህ።

ይርጋ፦ ነገሬን አታቋርጠኝ! ድምፁን የምታወጣው መኪና ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፤ የስፌት መኪና ብታክል ነው። ከእሷ ገመድ ይወጣል፤ ከገመዱ ጫፍ የበትር እጀታ የመሰለ ራስ አለ። ጉልበት የሚታሸው በዚያ ነው።

ጣሰው፦ በደረቁ?

ይርጋ፦ በደረቁማ እንዴት ይሆናል! ቅባት ይቀቡታል። ቀዝቃዛ ነው፣ ውኃ ይመስላል፣ ሽታም የለው።

ጣሰው፦ ምነው፣ ቅቤ አጥተው?

ይርጋ፦ ፈረንጅ ቅቤውን ዳቦ ላይ ለቅልቆ ይበላዋል። ቅባቱ ለድምፁ ነው። ያለ ቅባት ድምፁ ወደ ውስጥ አያልፍም።

ጣሰው፦ እሱስ እውነት ነው። መሪጌታ ታፈረም ማሕሌት ሊቆሙ ሲሉ ተልባ ይጠጣሉ። ጉሮሮ ካልለሰለሰ ድምፅ አያልፍም።

ይርጋ፦ [በደስታ] ይኸውልህ! ገባህ!

ጣሰው፦ እንግዲያስ ጉልበቴ ተልባ ይጠጣ።

ይርጋ፦ አልገባህም።

ጣሰው፦ ቅባቱን ከቀቡህ በኋላስ?

ይርጋ፦ ከዚያማ ሲስተሯ ያንን ራስ ይዛ ቀረበች።

ጣሰው፦ ከዚያስ?

ይርጋ፦ ከዚያማ... ዳንሁ!

ጣሰው፦ ስትታሽ ምን አለህ? ሞቀህ? በረደህ? ኮረኮረህ?

ይርጋ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] የሐኪም ቤት ምስጢር በየዛፉ ሥር አይወራም።

ጣሰው፦ እሺ፣ ይሁን። ግን ቆማ ነው የምታሽ?

ይርጋ፦ ቆማ እንዴት ትደርሳለች! ተንበርክካ ነው እንጂ።

ጣሰው፦ ለገበሬ?

ይርጋ፦ ለገበሬ!

ጣሰው፦ ነጭ የለበሰች፣ የተማረች ሴት፣ ለእስቴ ገበሬ ተንበረከከች? አያ ይርጋ፣ አሁንስ ዋሸህ።

ይርጋ፦ ንጉሥ ይሙት!

ጣሰው፦ ንጉሡን ተዋቸው፣ ሥራ አለባቸው። በአንድ ጉልበቷ ነው በሁለቱ?

ይርጋ፦ በሁለቱም!

ጣሰው፦ እንዴት አድርጋ? ቆይ እስቲ... አልታየኝም።

ይርጋ፦ አንተ ድንጋይ ራስ! ቁጭ በል!

ጣሰው፦ የት?

ይርጋ፦ እዚህ፣ ከፍ ያለው ላይ! በሽተኛ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጥ።

[ጣሰው ከፍ ያለው ድንጋይ ላይ ይመቻቻል። ጋቢውን ያስተካክላል። እግሩን ዘርግቶ በእፎይታ ይተነፍሳል።]

ጣሰው፦ ሕክምናው ገና ሳይጀመር ተሻለኝ።

ይርጋ፦ እኔን ሲስተሯ ናት በል።

ጣሰው፦ እግዚኦ!

ይርጋ፦ ይሄ በትር የመኪናዋ ራስ ነው። እሷም እንዲህ አለችና... [በትሩን ተደግፎ ቀኝ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ግራውን መሬት ያስነካል። ቋ! ቋ! ይላል።]

ጣሰው፦ ምን ተሰበረ?

ይርጋ፦ ጭራሮ ነው! አርፈህ ተመልከት። [የበትሩን እጀታ ጣሰው ጉልበት ላይ እያዞረ] እንዲህ፣ ቀስ እያለች፣ ዙሪያውን...

ጣሰው፦ ራስህን ዝቅ አድርገው፤ ከለልኸኝ።

ይርጋ፦ [ግንባሩ ጣሰው ጉልበት ሊነካ ምንም እስካይቀረው ዝቅ ብሎ] አሁንስ ታየህ?

ጣሰው፦ [በይርጋ ራስ ላይ አሻግሮ እያየ] አሁንማ ጥርት ብሎ ታየኝ። መምሬ ዳኛቸው እየመጡ ነው። ሽማግሌዎቹም ከኋላቸው።

ይርጋ፦ ምን! [ሊነሳ ይሞክራል፤ ንቅንቅ አይልም።] ጣሰው! እጄን ያዝ!

ጣሰው፦ ሲስተሯም ስትነሳ እጅህን ይዛ ነው?

ይርጋ፦ ሲስተሯን ተዋት! ተቆልፏል! ጉልበቴ ተቆልፏል!

ጣሰው፦ የዳነው?

ይርጋ፦ አልዳነም! ሁለቱም አልዳኑም! አንሳኝ!

ጣሰው፦ ውይ፣ አዩህ። መምሬ ዳኛቸው ቆመው አማተቡ።

ይርጋ፦ ምን ይላሉ?

ጣሰው፦ «ይርጋ ተንበረከከ!» ነው የሚሉት። አንደኛው ሽማግሌ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ ነው።

ይርጋ፦ አልተንበረከከም በላቸው! ሕክምና እያሳየኝ ነው በል!

ጣሰው፦ እላለሁ። «ታዲያ ለምን አይነሳም?» ሲሉኝስ? አምና በድምፅ የዳነው ጉልበቱ ተቆልፎበት ነው ልበል? ዛሬ እስቴ ይስቃል፣ ነገ ስማዳ ይሰማል፣ ከዚያ ወሬው ጋይንት ይሻገርና አርብ ገበያ ላይ ይሸጥሃል።

ይርጋ፦ አንተ ሰው!

ጣሰው፦ ወይስ ልጆቹ ይዳሩ ብሎ፣ ኩራቱን ጥሎ፣ ቀድሞኝ ይቅርታ ጠየቀ ልበል?

ይርጋ፦ [ቀና ብሎ በጥርጣሬ እያየው] ነገር አይገባውም የሚሉት አንተን ነው?

ጣሰው፦ ይገባኛል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ፍጠን፣ ደረሱ።

ይርጋ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ፣ ባለ በሌለ ድምፁ] ጣሰው ወንድሜ! በገበያ መካከል አዋርጄሃለሁና ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ!

[ከመድረኩ ውጭ «እሰይ! እሰይ!» የሚል የሽማግሌዎች ድምፅ።]

ጣሰው፦ ይቅር ለእግዚአብሔር! [ከድንጋዩ ይወርዳል። ሁለቱን ጉልበቶቹን እጥፍ አድርጎ ከይርጋ ፊት ይንበረከካል።] አንተም ስለ ገብስህ ይቅር በለኝ። ጥፋቱ የበሬው ሳይሆን የእኔ ነው። [ይርጋን በብብቱ ይዞ፣ አብሮት ብድግ ብሎ ያቆመዋል።]

ይርጋ፦ [አፉን ከፍቶ] ጉልበትህ... ታጠፈ።

ጣሰው፦ ታጠፈ።

ይርጋ፦ ተዘረጋም!

ጣሰው፦ ተዘረጋም። በጥር ወርማ እውነቴን ነበር። ሁዳዴን ጸበል ሄደ ሲሉኝ ግን እዚያው አንተ የሄድህበት ሆስፒታል ነበርሁ። ሲስተሯ እየደጋገመች አሸችኝ። ለብ ይላል እንጂ አይኮረኩርም። «ድምፁ ብቻውን አይበቃህም፤ እጠፈው፣ ዘርጋው፣ ተራመድበት» እያለች አላስቀምጥ አለችኝ። ጨርሶ ባይለቀኝም ይኸው ይታጠፋል።

ይርጋ፦ እንግዲያ ለምን ቀድመህ አልተንበረከክህም!

ጣሰው፦ እሱን ብዬ ነበር የመጣሁት። ድኛለሁ ብለህ ስትዋሸኝ ጊዜ ሐሳቤን ለወጥሁ።

ይርጋ፦ [ወደ ሽማግሌዎቹ እያየ፣ በሹክሹክታ] ሲስተሯ... ስለ እኔ ያለችህ ነገር አለ?

ጣሰው፦ ከእስቴ ነኝ ስላት በሳቅ ልትወድቅ። «አምና አንድ የእስቴ ሽማግሌ መጥቶ፣ ቅባቱን ቀብቼ ጉልበቱ ሥር ብንበረከክ፣ ‹ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ፣ ተነሽ› ብሎ፣ ግንባሬን ስሞ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ» አለችኝ።

ይርጋ፦ የሰው ልጅ ጉልበቴ ላይ ወድቃ ምን ላድርግ! ዝም ብዬ ልያት? ክርስቲያን አይደለሁም?

ጣሰው፦ ሰላም በልልኝ ብላለች። «የበደልሁት ምን እንደሆነ ባይገባኝም ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ አሁን ተመልሶ ይምጣና መኪናዋን ላስነሳለት» ብላሃለች።