ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው

በየሰፈሩ በረካን በግሉ የሚቆጣጠር አንድ ሰው አለ። ማንም አይሾመውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ጡረታም አይወጣም። ለእኛ ሰፈር ለሀይሌ ጋርመንት የደረሱን ክቡር ኢስማኢል ናቸው። ከልብስ ስፌት ሱቄ ጎን የቧንቧ ዕቃ ይሸጣሉ፤ ቤታችንም በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ዕድሜያችን እኩል ነው፣ ፊት ለፊት አንተ ነው የምንባባለው። እዚህ አንቱ የምላቸው ከቂም ነው።

ክቡርነታቸው ከሱብሂ ሶላት በኋላ የተኛ ሰው ሲያዩ ቤቱ እየተቃጠለ ያንቀላፋ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ግድግዳችንን በቧንቧ መፍቻ ይደበድባሉ። "ሙሄ፣ በረካ በርህን አንኳኩታ ሄደች እኮ!" ከመስጊድ መልስ ወደ አልጋዬ ልታጠፍ ስል ክንዴን ይዘው ወደ ሱቅ ይነዱኛል።

ቀናቸውን የሚሸነሽኑት በሶላት ነው፤ እስከ ዙሁር ሥራ፣ ከዚያም ሥራ፣ አመሻሽ ላይ የታመመ ጥየቃ፣ ከመግሪብ በኋላ የልጆች ጥናት። ምሳ ሲቀርብ እንኳ መጀመሪያ ኒያቸውን፣ የልባቸውን ሐሳብ፣ ያስተካክላሉ። "ለሥራ ጉልበት እንዲሆንህ ብለህ ከበላህ ምሳህም ዒባዳ ነው፣ እንደ አምልኮ ይቆጠርልሃል" ይሉኛል። በምሳ በኩል እንኳ ማንም አይደርስብኝም።

አንዴ እኔም ተነሳስቼ የቀን ፕሮግራም አወጣሁ። በሦስት ቀለም ጽፌ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ይህን ሁሉ ስሠራ መሽቶ ስለነበር የዚያ ቀን ሥራ ለነገ ተላለፈ።

ልብስ ሰፊ ደግሞ አንድ የሙያ ሚስጥር አለው። ደንበኛ ሲመጣ "ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው" ይላል። ይህን ስንል አብዛኛውን ጊዜ ጨርቁ ገና መቀስ አላየም። ጋሽ ዱጉማንም አንድ ወር ሙሉ ከፉሪ ያመላለስኳቸው በዚህችው ነው። ዕድሜያቸውን በእርሻ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ለልጃቸው ለናፍቆት ሰርግ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ሙሉ ልብስ ሊለብሱ ነው። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው መጡ።

"ጋሼ፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው። ነገ ኢንሻአላህ" አልኳቸው።

ክቡርነታቸው ከበራፍ ሆነው ሰሙ። "ጋሽ ዱጉማ፣ ጨርቅዎ ገና ፌስታሉ ውስጥ ነው" አሉ። ወደ እኔም ዞረው "ኢንሻአላህን የስንፍናህ መጋረጃ አታድርጋት" አሉኝ።

ጋሽ ዱጉማ አልተቆጡም። "ለእኔስ በጃኬቴም ብገባ ግድ የለኝም" አሉ። "አማቾቿ ፊት እሷ እንዳታፍር ብዬ ነው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ክቡርነታቸው ለአረፋ ወደ አገራቸው ወደ ስልጤ ሄዱ። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ጎህ ሊቀድ ሲል ግን ነቃሁና ጣራ ጣራ እያየሁ መፍቻውን መጠበቅ ጀመርኩ። ግድግዳው ዝም አለ። አንቱ ማለቱ እዚህ ላይ አቃተኝ፤ ሰውዬው ናፈቀኝ። ተነስቼ ሰገድኩ፣ ሱቄን ከፈትኩ፣ ጨርቁን ከፌስታሉ አወጣሁ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ደወለ።

"የት ነህ?"

"ሱቅ።"

"የጋሽ ዱጉማ ልብስስ?"

"ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው።"

በሃያ ዓመት ሥራዬ ይህችን ቃል እውነት ሆና ስናገራት የመጀመሪያዬ ነበር። መርፌው እጄ ላይ ነው፣ ኮቱ ጉልበቴ ላይ ነው።

"ሙሄ፣ በአረፋ ሰሞን እንኳ አትዋሽ" አለኝ።

"ወላሂ።"

"ወላሂንም አታስቸግራት። ጋሽ ዱጉማ ራሳቸው ካልነገሩኝ አላምንህም።"

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዱጉማ መጡ። ልብሱን ለብሰው መስታወቱ ፊት ብዙ ቆሙ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩ። ለኢስማኢል ደውዬ ስልኩን አቀበልኳቸው።

"ለብሼዋለሁ ልጄ" አሉት። "ልክክ ብሏል።"

ስልኩን ተቀበልኳቸው። ኢስማኢል "ነገም በሱብሂ እደውላለሁ" አለኝ።

"ኧረ ተወኝ፣ ልተኛበት" አልኩት።

ማታ ግን የስልኬን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ትራሴ ሥር ሸጎጥኩት።