የጋሽ ታፈሰ ትርፍ ክንፍ

ይሉኝታ የሚባለው ነገር ያለ ቪዛ አሜሪካ እንደገባ ታውቃላችሁ? እኔ ያረጋገጥኩት ባለፈው በጋ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። አገር ቤት የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለው፣ ከስስ እንጨት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠሩ። ጀርመኖች በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ለሙከራ የሠሯት፣ ክንፏ ከላይና ከታች የተደረበ ተዋጊ አውሮፕላን አምሳያ ናት። ጀርመኖቹ ዋናዋን ሞክረው ሞክረው ተዉአት። «ምስኪን፣ ለወግ ለማዕረግ ሳትበቃ ቀረች» ይላሉ ጋሽ ታፈሰ፣ ስለ እህታቸው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ሚስታቸው ግን «አሻንጉሊቷ» ይሏታል። በዚህ እሳቸው ይበግናሉ።

እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ የሞዴል አውሮፕላን ኤግዚቢሽን አለ ሲባል ታዲያ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ። የሚያውቅ ሰው ሥራቸውን ሊያይላቸው ነዋ! ሱፍ ለበሱ፣ አውሮፕላኗን ካርቶን ውስጥ አስተኙ፣ እኔ ሾፌር ሆንኩ። ምዝገባው አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

መንገድ ላይ ስልካቸው ጮኸ። አርሊንግተን የምትኖረው የጓደኛቸው ልጅ ሶስና ናት፤ ልጇ አምስት ዓመት ሞልቷታል። «በር ላይ እንኳን አደረሳችሁ ብለን እንውጣ» አሉኝ። በር ላይ ብሎ የተመለሰ አበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሙቀቱ ደግሞ ለጉድ ነው። መኪና ውስጥ ሙጫው ይለቅብኛል ብለው ካርቶኑን ይዘው ወረዱ።

ሶስና በሩን ከፈተች። ካርቶኑን በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። «ውይ ጋሼ! ምን አስቸገረዎት?» ብላ ስጦታው ወደተከመረበት መኝታ ቤት ይዛው ገባች። ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትማ።

የጋሽ ታፈሰ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ልናገር አፌን ስከፍት ክንዴን ቆነጠጡኝ። «ዝም በል! ልታዋርደኝ ነው?» ምግብ ቀረበ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ እሳቸው ሰዓታቸውን እያዩ ይጎርሳሉ። አስር ሰዓት አለፈ። ባዶ እጃችንን ወደ ቤት ተመለስን። አሳዘኑኝም፣ አናደዱኝም።

በሳምንቱ እሳቸው ቤት ተቀምጬ ሳለ ሶስና ደወለች፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት። «ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ይዛት ነው የምትተኛው! ብቻ ከላይ ኤክስትራ ክንፍ ነበረባት፤ ባለቤቴ ሪሙቭ አደረገው። አሁን አማረባት!»

አምቡላንስ ልጠራ ምንም አልቀረኝ። ጋሽ ታፈሰ ግን ስልኩን ዘግተው በረጅሙ ተነፈሱ። «ጀርመኖቹም በኋላ በሠሯቸው አውሮፕላኖች ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው» አሉ፣ «ለዚያውም ስንት ዓመት ፈጅቶባቸው።»

አሁን ሌላ ጀምረዋል። ካርቶኑ ላይ ከወዲሁ በትልልቁ «ስጦታ አይደለም» ብለው ጻፉበት። ጎሽ፣ ሰውየው ተማሩ አልኩ። ትናንት ሶስና ማርገዟን ሰሙ። ጽሑፉን ሲፍቁ ደረስኩባቸው።