ጠመንጃ ወልዋዩ ጀግና

«በየቀኑ ነው የሚወለወለው!» አለ ጎረቤቴ አብዲ፣ የብረት ዘንጉን በጠመንጃው አፈሙዝ እየሰገሰገ።

«አንድ ጥይት ሳትተኩስበት?» አለች ሚስቱ ሳህራ፣ ባዶ ጀሪካኗን እንደያዘች። «የልጆቹን ዘይት እንኳ ጨረስክበት። ውሃ ስንቀዳ ማን ይጠብቀን?»

«ነገ፣ ኢንሻአላህ። ዛሬ ገና አልጠራም።»

አንባቢዬ፣ እንዲህ ያለ ጀግና አጋጥሞዎት ያውቃል? ከተማችን ሀርጌሳ በመድፍ ስትፈርስ እሱ የሚዋጋው ከአቧራ ጋር ነው! ደህና አልሞ ተኳሽ ከተኮሰ በኋላ ጠመንጃውን በጨርቅ፣ ከአፈሙዙ ሳይሆን ከኋላ በኩል፣ በቀስታ ያጸዳል። አብዲ ግን አፈሙዙን በብረት ፍቆ ፍቆ ስለጨረሰው፣ አሁን ግመል ቢቆምለትም አይመታም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ባይመታም ይጮሃል» አለች ሳህራ። ጠመንጃውን ከጉልበቱ ላይ ነጥቃ፣ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወጣች።

በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ፣ አብዲ ዘንጉን ይወለውል ነበር።