የአያ ይማም ሰንጢ

እስቲ ሳቁ! እኔ ግን የአያ ይማም ደንበኛ ነኝ፤ ነገም እሆናለሁ። አያ ይማም ሐይቅ ከተማ ላይ በእጃቸው ሰንጢ የሚሠሩ ሰው ናቸው። «ለሐሙስ ኢንሻአላህ» ያሉኝን ሰንጢ የተቀበልኩት ክረምቱ ገብቶ ከወጣ በኋላ ነው። ታዲያ ደንበኛ ማለት ምን መሰላችሁ? የቻይናውንማ ማንም ይገዛል። ሲበላሽበት ግን የማንን በር ያንኳኳል? ቻይና ድረስ ሊሄድ ነው?

ባለፈው ሐይቁ ዳር ዓሣ ልንበልት ስንል ሰንጢዬን በኩራት አወጣሁ። አልከፈት አለ። ሦስት ሰው ታግሎ ሲከፍተው ደግሞ አልታጠፍ አለ! የተመዘዘ ስለት ኪስ ውስጥ አይከተት ነገር፣ በእጄ እንደያዝኩ በአስፋልቱ ወደ አያ ይማም ገሰገስኩ። ባጃጁ ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ።

«አጃኢብ! ከፈትከው እንዴ?» አሉኝ። «እኔኮ አቅቶኝ ነው የሰጠሁህ።»

ቀጥለውም አንገታቸውን ደፉ። «የቀረኸኝ ደንበኛ አንተ ብቻ ነህ፣ ወንድምዓለም። ሱቁን ልዘጋው ነው።»

«እስቲ ዝጉትና እንተያያለን!» ብዬ ጮህኩ። ለካ ሰንጢው አሁንም እጄ ላይ እንደተመዘዘ ነው።

አያ ይማም ስለቱን አዩ፤ እኔንም አዩ።

«በቃ፣ ሌላ እሠራልሃለሁ» አሉኝ። «ለሐሙስ ኢንሻአላህ!»