በወረቀት የተቀበሩ አባቶች

ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ልጄ ሜሮን ነርስ ልሆን ብላ ለኮሌጅ ስታመለክት። ቅጹ «ይህን ሙያ ያስመረጠሽ ገጠመኝ ምንድን ነው?» ይላል። መቼም የሰፈራችንን የቀራንዮን አመልካች ታውቁታላችሁ፤ አንባቢውን ካላስለቀሰ የሚገባ አይመስለውም። በዚያ ሰሞን በወረቀት ላይ ያልሞተ አባት ነበር እንዴ? ሽንኩርት ነጋዴውን ጋሽ ታደሰን ልጃቸው በጽሑፍ ከቀበራቸው በኋላ፣ መንገድ ላይ «እንዴት አደርሽ?» ሲሉኝ «ነፍስ ይማር» ልላቸው ምንም አልቀረኝም!

ወንድሜም ምሳ ላይ፣ «ሜሪዬ፣ እኔን ግደይኝ። አጎትም ያስለቅሳል» አላት።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ እየበላህ ማን ያምነኛል?»

እውነቱን ጻፈች። ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል ብቻዬን የቆጠርኩት እኔ እናቷ፣ ጎረቤታችንን እማማ ዘይነባን በየጠዋቱ የስኳር መርፌ እንደምወጋቸው፣ እሷም ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ አጠገቤ ቆማ እንደተማረች። ሳነበው ፈራሁ። ይሄም ገጠመኝ ሆኖ? ማንም አልሞተበትማ! አንቀበልም ቢሏትስ?

ተቀበሏት። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰፈሩን ዞርኩት። ወንድሜ ጽሑፉን ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ቤቴል ላይ ታክሲ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ አደለ።