የጋሽ ዘመን ጆሮና ወፍራሙ ገመድ

ደህና የሆነ ነገር ሰላም የሚነሳቸው ሰዎች አሉ። በየሰፈሩ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። በሩ ይዘጋል፣ ግን አዘጋጉ አላማራቸውም። ሻዩ ይጣፍጣል፣ ግን ውሃው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢወርድ ኖሮ ሌላ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤትህ ከሆነ ምርጫህ ሁለት ነው፤ ወይ ቤት ትቀይራለህ፣ ወይ ትለምደዋለህ። እኔ ቤቱን ከገዛሁት በኋላ ስለሆነ ያወቅሁት፣ ለመድኩት።

የእኛ ሰፈር ድርሻ ክቡር ጋሽ ዘመንፈስቅዱስ ናቸው። እዚሁ ሮቤ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ስማቸው ስለሚረዝም ሰፈሩ ሁሉ "ጋሽ ዘመን" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ዝም ይላሉ። በሕይወታቸው ሳያርሙ ያለፉት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ እሳቸው የሙዚቃ ዕቃቸውን አቁመዋል፦ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው አምፕሊፋየር፣ ቁመታቸው ወገብ የሚደርስ ስፒከሮች። ስፒከሮቹ የተቀመጡት በጎባ መንገድ ዳር ከሚፈለጠው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ጣውላ ያስተጋባል ተብሏል። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ፣ ድምፅ እንዳይመልስ፣ ቡልኮ ተሰቅሏል። የሮቤን የሐምሌ ብርድ የሚያውቅ እንግዳ ይህን ሲያይ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ባለቤታቸው እትዬ ሠርከአዲስ አንድ ቀን "በዚህ ቤት የሚበርደው ግድግዳው ነው" አሉኝ። ጋሽ ዘመን አጠገባችን ነበሩ፣ አልሰሙም። ያ ሁሉ ጆሮ ለእንዲህ ያለው ነገር አይሠራም።

እሳቸው ቤት ከሄድክ የምትቀመጠው ባስቀመጡህ ወንበር ላይ ነው። አንገትህን ካዞርክ "ከድምፁ ወጣህ" ትባላለህ። ዘፈኑ ሲያልቅ ፈተና ይከተላል፤ "ማሲንቆው በየት በኩል ነበር?" እኔ ሁልጊዜ "በግራ" እላለሁ። ከጊዜው ግማሹን አልፋለሁ።

አጋርፋ ላይ የቀድሞ ተማሪያቸው ሲያገባ አብረን ሄደን ነበር። ሙሽሮቹ ድንኳኑ በር ላይ ደርሰው ሳለ ጋሽ ዘመን ከመቀመጫቸው ተነስተው ሙዚቃ ወደሚያጫውተው ልጅ አመሩ። ስፒከሮቹ እርስ በርስ ተፋጠዋል፣ ድምፁ ይጣላል። "አሁን ደህና ነው እኮ ጋሼ" አላቸው ልጁ። እሳቸውም ሰፈራችን በቃሉ የያዘውን መለሱለት፤ "ደህና ነው ማለት ገና ነው ማለት ነው።" ሙሽሪት ስፒከሩ እስኪዞር ቆማ ጠበቀች። በኋላ ግን ዘፈኑ በእርግጥ አማረ፤ ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

የመብራት ገመዱ ጉዳይ የመጣው ባለፈው መስከረም ነው። አንድ አዲስ አበባ የሚኖር ተማሪያቸው በቴሌግራም ፎቶ ላከላቸው። ከሶኬት ወደ አምፕሊፋየር የሚሄድ ገመድ ነው፣ ውፍረቱ አውራ ጣት ያክላል። "ድምፁን ያጠራዋል" ይላል ከሥሩ። ጋሽ ዘመን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጡ። ለካ ከክረምቱ ጀምሮ ከሙዚቃቸው ሥር አንድ ጭርጭርታ ይሰማቸው ኖሯል፤ ሰሊጥ ሲቆላ እንደሚያሰማው። እትዬ ሠርከአዲስ አልሰሙትም። እኔም አልሰማሁትም፣ ግን "አዎ፣ አለ አለ" ብያለሁ።

ገመዱን ለመግዛት ወይም ለመተው ሰው ማማከር ጀመሩ። ገበያው ዳር የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው የጊኒሩ ሻፊ ወፍራም ገመድ ከመጋዘኑ አውጥቶ አቀበላቸው። "ጋሼ፣ ወስደው ይሞክሩት። ካልወደዱት ይመልሱልኝ። ከእርስዎ ሌላ የሚጠይቀኝ እንደሆነ የለም።" የመብራት ሠራተኛው ቀነኒሳ ደግሞ ሳቀ። "መብራቱ ስንት ተራራ ተሻግሮ፣ ስንት አሮጌ ሽቦ አልፎ ነው ሮቤ የሚገባው። የመጨረሻዋ አንድ ሜትር ምን ትጨምርለታለች?"

ሌላ ሰው በዚህ ንግግር ይቀየማል ወይም ይተዋል። ጋሽ ዘመን ሁለቱንም አላደረጉም። "እንፈትናለን" አሉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፈተናው ተጀመረ። እሳቸው ጀርባቸውን ለዕቃው ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። እትዬ ሠርከአዲስ ከኋላ ሆነው አንዴ ቀጭኑን፣ አንዴ ወፍራሙን ይሰካሉ። እኔ ታዛቢ ነኝ። "ይሄ ወፍራሙ ነው" ይላሉ፤ ቀጭኑ ነው። "አሁን ጠራ፣ ተቀይሯል" ይላሉ፤ ምንም አልተቀየረም። እትዬ ሠርከአዲስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ይዘው መከራቸውን አዩ። እኔ የጋሽ ዘመንን ፊት ሳይ ግን መሳቅ አቃተኝ። ጠንክረው እያዳመጡ ነበር።

ቀትር ላይ ዓይናቸውን ገለጡ። "ጭርጭርታው ጀመረ። ገመዱ የትኛው ነው?"

"ወፍራሙ" አሉ እትዬ ሠርከአዲስ።

"ቀይሪው።" ተቀየረ። "አሁንም አለ። እንግዲህ ገመዱን አይመርጥም። ቀነኒሳ እውነቱን ነው፤ ከሶኬቱ በፊት ያለውን ነው ማየት።"

ይህን እያሉ ጭርጭርታው ቆመ መሰለኝ፣ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ አጥሩ ሄዱ። የሁለታችን ቤት መብራት የሚመጣው ከአንድ ምሰሶ በአንድ መስመር ነው። ባለቤቴ ሩሃማ ማድቤት ነበረች።

"ሩሃማ ልጄ፣ አሁን ምን አጠፋሽ?"

"ምድጃውን ነው ጋሼ። ወጡ ደርሶ።"

"እስቲ መልሰሽ አብሪልኝ።"

አበራች። እሳቸው ሳሎናቸው ገቡና "አለ" አሉ። አጠፋች፤ "የለም" አሉ። ሩሃማ ምድጃው ላይ፣ እሳቸው ስፒከሩ ሥር፣ እኔ አጥሩ ላይ መልእክተኛ ሆኜ እየተመላለስን ወጡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ወደ እኛ ግቢ መጡና "ኮርኒሳችሁ ይከፈት" አሉ።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ኮርኒሱን ለመስቀል በዓል ነበር ያስቀባሁት። "ጋሼ፣ ለእርስዎ ሙዚቃው እንዲጠራልዎት እኛ ቤታችንን እናፍርስ?"

"አታፍርሱ። አንድ ጣውላ ብቻ ይነሳ።"

"አይሆንም።"

ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ተገላገልኩ ስል ዱካ ይዘው ተመለሱና በራፋችን ላይ ተቀመጡ። ካፊያ ጀምሯል። ኮታቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ።

"ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው እዚህ የሚቀመጡት?"

"ቀነኒሳ እስኪመጣ።"

"ማን ጠራው?"

"እኔ።"

ቀነኒሳ መጣ፤ ነገሩን ሲሰማ እንደ ልማዱ ሳቀ። እኔም በዚህ ጊዜ እልሄ በርዶ፣ ተከፍቶ ምንም አለመኖሩን አይተው ይረፉ ብዬ ፈቀድኩ። ወደ ምድጃው የሚሄደው ሽቦ የሚያልፈው ከማድቤቱ ጎን ባለው ክፍል ላይ ነው። ልጃችን ሃይማኖት የምትተኛበት ክፍል ነው። ቀነኒሳ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ጣውላውን አነሳ፣ አንገቱን አስገባ። ሳቁ ቆመ።

"ቆጣሪውን አጥፉት" አለ።

የቀድሞው ባለቤት ምድጃ ሲያስገባ ሽቦውን መሃል ላይ ቀጥሎት ኖሯል፤ የቀጠለበትን በፌስታል ጠቅልሎታል። ፌስታሉ ቀልጦ አልቋል። ሽቦው ያረፈበት እንጨት ጠቁሯል። ቀነኒሳ ከጫፉ ቆርሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ስጨብጠው ከሰል ሆኖ ተፈረፈረ። በቀጥታ ከሥሩ የሃይማኖት የስፖንጅ ፍራሽ ነበር።

ሩሃማ ፍራሹን ጎትታ ወደ ሳሎን አወጣችው፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ቀነኒሳ ከጠረጴዛው ወርዶ ለጋሽ ዘመን ጎንበስ አለ። "ዱጋ ኬሳን ጋሼ። እውነትዎን ነው። እኔ ስስቅብዎት ነበር።"

እንዲህ ያለ ሰው የድል ቀኑ ሲመጣ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። "አላልኳችሁም?" ይላል፣ ዕድሜ ልኩንም ይለዋል። እኔም እሱን ጠብቄ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ጋሽ ዘመን ግን ጥቁሩን እንጨት ብዙ አላዩትም። ከጨዋታ ገና ያልተመለሰችውን ልጅ መኝታ አዩና "ሥራው እስኪያልቅ ሃይማኖት እኛ ጋ ትደር" አሉ። ዱካቸውን አንስተው ወጡ። በዚያ ቀን ከሳሎናቸው ሙዚቃ አልተሰማም።

ቀነኒሳ መስመሩን በሙሉ ቀየረልን። ከዚያ ጋሽ ዘመን ፈተናውን ደገሙት፤ ጭርጭርታው ጠፍቷል፣ ሁለቱን ገመዶች ግን አሁንም መለየት አልቻሉም። ወፍራሙን ጠቅልለው ለሻፊ መለሱለት። "ገመድህ ምንም አይወጣለትም" አሉት፣ "የእኔ ጉዳይ ግን ከገመድ በላይ ነው።" ሻፊ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎት ነበር። እኔም።

ጋሽ ዘመን ግን ሰፈሩ በሙሉ ደህና መሆኑ አላስተኛቸውም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ራዲዮ ጆሯቸው ላይ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ባለቤቶቹ ምድጃቸውን ያበራሉ፣ እሳቸው በኮርኒሱ ሥር ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። የላላ ሽቦ ራዲዮ ያንጫጫል ይላሉ፤ ከተንጫጫ ቀነኒሳ ይጠራል። መጀመሪያ ላይ የሚስቅ ነበር። አንዱ ቤት ግድግዳ ውስጥ የላላ ሽቦ ከተገኘ በኋላ የሚስቀው ቀነሰ።

መሰላሉን የምሸከመው እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ባለፈው ቅዳሜ በታችኛው መንገድ ያለው ከብት ነጋዴው ገዳ ቤት ነበርን። ጋሽ ዘመን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራዲዮውን ወደ ኮርኒሱ ዘርግተው፣ ብዙ ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ቆሙ። ገዳ ትዕግሥቱ አልቆ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ቤቱ ደህና ነው እኮ። ምንድነው የሚሰሙት?"

"ዝም በል" አልኩት ቀስ ብዬ። "እንስማበት።"